ሃርላን ያላሳለፈው ጊታር

ሃርላን ዳይክስትራ ጊታር መጫወት አይችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሚመጣውን ሰምታችሁ "እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ምን ዓይነት ተጫዋች ይሆን" ብላችሁ እንዳትደክሙ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋብሪካችን የሠራውን እያንዳንዱን ጊታር መርምሮ ሲያሳልፍና ሲጥል የኖረ ሰው፣ አንዲት ዜማ እንኳን ከዳር እስከ ዳር አይዘልቅም። የሚያውቀው አንድ ኮርድ፣ ማለትም አንድ የጣት አያያዝ ብቻ ነው። እሱንም ሲመታ ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው።

እኔ ዊልማ ሁክስትራ እባላለሁ፤ አንገት አጣባቂ ነኝ። የእኛ ጊታር አንገቱ በብሎን አይታሰርም። የአንገቱ ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ፣ አካሉ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በኮላ ይያዛል። ከዚያ ወዲያ አንገትና አካል አንድ እንጨት ናቸው፤ ቢያንስ መሆን አለባቸው። እንጨት እንጨትን ካልነካ ድምፁ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ሥራ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሃርላንም አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእጄን ሥራ ሲዳብስ፣ ሲያንኳኳና ሲነክስ ኖሯል። ሲነክስ ያልኩት አጋንኜ አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

ያደገው ከካላማዙ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጥቁር ረግረግ መሬት ላይ፣ ሰለሪ የሚባለውን ባለ ዘንግ አትክልት ከሚተክሉ ደቾች መሀል ነው። አባቱ ሰለሪውን ለገበያ ሲለይ በዓይኑ ብቻ አይተማመንም ነበር። አንድ ዘንግ መዝዞ ልጁ ጆሮ አጠገብ ቀጭ ያደርግና "ምን አለህ?" ይለዋል። ጥርት ብሎ ከተሰበረ ወደ ሣጥን፣ ከለሰለሰ ወደ አሳማ። ሃርላን ሰባት ዓመት ሳይሞላው የሦስት ጎረቤት ሰለሪ ይሰማ ነበር ይባላል። ይባላል የምለው፣ የሚለው ራሱ ስለሆነ ነው።

የምርመራ ክፍሉ ድሮ የሒሳብ ሹሙ ቢሮ ነበር። ግድግዳው ላይ ምንጣፍ ተለጥፏል፤ ውስጡ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ አንድ የድምፅ ማጉያ አለ። ጊታሩ ሲገባለት መጀመሪያ ያየዋል። መብራቱ ስር አጋድሞ ቫርኒሹን ይመለከታል፤ የጠርዙን ነጭ ጥለት በጥፍሩ እየተከተለ ይዞራል፤ የኋላውን ክዳን ፈትቶ ሽቦውን ሳይቀር ያያል። ቀጥሎ ከኪሱ የሚስቱን የአርዲስን አሮጌ የናይለን ካልሲ ያወጣል። ካልሲውን በአንገቱ ግራና ቀኝ ከላይ እስከ ታች ያንሸራትተዋል። ጣት የሚያርፍባቸው የብረት መስመሮች ጫፋቸው በደንብ ካልተሞረደ ካልሲው ይያዛል፤ ካልሲው ከተያዘ ጊታሩ ወደቀ። አንድ ጊዜ ከጃፓን የመጡ እንግዶች ለጉብኝት ገብተው፣ ሽማግሌው ለጊታር ካልሲ ሲያጠልቅ ያዩ መስሏቸው በትህትና አጎንብሰው ወጥተዋል።

ከዚያ ድምፁ ይመጣል። ስድስት ክር፣ ሃያ ሁለት መስመር፤ አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ድምፅ። አንድ በአንድ ይመታቸዋል፤ አንዱ እስኪሞት ሳይጠብቅ ሌላውን አይነካም። መጨረሻ ላይ መሀረቡን በአንገቱ አናት፣ መቃኛዎቹ ባሉበት ላይ ያነጥፍና ያችን አንድ ኮርዱን መትቶ በጥርሱ ይነክሰዋል። ድምፁ በአጥንቱ ገብቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞራል ይላል። ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኛ በበሩ መስታወት እያየን የምሳ ሰዓታችንን ጨርሰናል።

የሚያሳልፈው ጊታር የጀርባ ክዳን ውስጥ በትንሽ ማህተም ስሙን ያሳርፋል። የወደቀ እንደሆነ ግን ይነሳና ጥፋቱ ወዳለበት ሠራተኛ ጠረጴዛ በእርጋታ ይሄዳል፤ አንዲት ነጭ የሚንት ከረሜላ ያስቀምጣል፤ ይመለሳል። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከቱ ሲጀመር የምትሰጠው ከረሜላ ነው፤ እዚህ አገር የደች ልጅ ሁሉ በእሱ ነው ስብከት የቻለው። ሃርላን "አይዟችሁ ማለቴ ነው" ይላል። እኛ ግን ያችን ከረሜላ ስናይ ውሃ እንሆናለን። የቀለም ክፍሉ ሰውዬ "ሐኪም ስኳር ከልክሎኛል" ቢለው "እንግዲያው ቀለሙን አስተካክል" አለው።

የወደቀ ጊታር በቅናሽ አይሸጥም። ፋብሪካውን የመሠረቱት ሽማግሌ ያወጡት ሕግ ነው፤ ማህተም የሌለው ጊታር ከበሩ አይወጣም፤ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ይቆረጣል። ቆራጩም ሃርላን ራሱ ነው። እንዲሁ አይቆርጠውም፤ ጥፋት አለበት ባለው ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሮ፣ በዚያች መስመር ላይ ነው መጋዙን የሚያሳልፈው፤ ልክ መሆኑን ለማየት። እኔ ባለሁበት ዘመን ሁሉ ልክ ነበር። የኮላ አረፋ፣ የተደበቀ ስንጥቅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ከዛፉ ጋር አብሮ ያደገ የጥይት አረር አግኝቷል።

እንግዲህ ይህ ሰው ባለፈው ጸደይ ካላማዙ ሄዶ ጆሮውን ተመረመረ። የላከችው አርዲስ ናት፤ የምድጃው ደወል እየጮኸ እሱ ጋዜጣ ሲያነብ ደረሰችበት። ሐኪሙ ከፍተኛዎቹ ድምፆች እንደሄዱ፣ መካከለኞቹም ሻንጣ እየሸከፉ እንደሆነ ነገረው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔ ብቻ በምሳ ሰዓት፣ መኪናው ውስጥ፣ መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ ነገረኝ።

"ሁለት ዓመት ሆኖታል አለኝ ሐኪሙ፤ ቢያንስ" አለ።

"ታዲያ ምን ይሁን? አሁንም ትሰማለህ እኮ።"

"በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ሺህ ጊታር አሳልፌያለሁ ዊልማ። አራት ሺህ ሰው ስሜን አምኖ ገዝቷል። ስንቱ ነው የለሰለሰ?"

ሰለሪ ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ጊታር ሁለት ጊዜ ይነክስ ጀመር። ሲያሳልፍ እጁ ይዘገያል፤ ሲጥልም ይዘገያል። ጡረታው በኅዳር ነበርና፣ ያንን ጥያቄ ይዞት ሊወጣ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የፋብሪካችን ልማድ ደግሞ አለ። ጡረታ የሚወጣ ሰው ባልደረቦቹ በየእረፍታቸው የሠሩለትን ጊታር ይዞ ነው የሚወጣው። ለሃርላን አርባ አንዳችንም ተረባረብን። ፊቱ እንደ ነበልባል የሚወራጭ መስመር ያለው የሜፕል እንጨት፣ አካሉና አንገቱ ለስድስት ዓመት እንዲደርቅ የተቀመጠ ቀይ የማሆጋኒ እንጨት፣ የጣት ገበታው ዞጲ፤ የማስጌጫውን ዛጎል የምትቆርጠው ሴት በገበታው አስራ ሁለተኛ መስመር ላይ ትንሽ ሰለሪ ቀረጸችለት። ችግሩ ማህተሙ ነበር። ማህተም የሌለው ጊታር ለሃርላን ብትሰጡት ከእናመሰግናለን በፊት ክዳኑን ፈትቶ ማህተሙን ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የሥራ አለቃችን ሮሊ ስቴንስማ መላ መታ። ጊታሩ እንደማንኛውም ትእዛዝ በሰልፉ ይለፍ፤ ሃርላን ሳያውቀው ያትመው፤ አርብ ይሰጠው።

ሮሊ የትእዛዝ ካርዱ ላይ "ዶክተር ኤልዚንጋ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ግራንድ ራፒድስ" ብሎ ጻፈ። ይህን ዓይነት ጊታር አብዝቶ የሚገዛው የጥርስ ሐኪም ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። የሰለሪዋን ነገር ሃርላን ቢጠይቅስ ሲባል "ለጥርስ ጥሩ ነው በሉት" አለ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመጣለሁ። ሁላችንም በአንድ ወረቀት ላይ ስማችንን ፈርመን ነበር፤ ወረቀቱም የእሱው የውድቅ ቅጽ ጀርባ ነው። ሮሊ ለኔ ሰጠኝና "የመልካም ምኞት ካርድ ፈልጊለትና ውስጡ ክተቺው" አለኝ። እኔ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ካርድ አነሰብኝ። ወረቀቱ ጊታሩ ውስጥ ይሁን፣ ለዘላለም አብሮት ይኑር ብዬ አሰብኩ። የኋላው ክዳን ውስጥ እንዳላደርገው ፈትቶ ያየዋል። የማይፈታው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንገቱን ሳጣብቅ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ጥቂት ፈልፍዬ ወረቀቱን አጣጥፌ አስቀመጥኩና ምላሱን ከላይ ገጠምኩበት፤ በሞርሳ አጥብቄ አሰርኩት። የእኛ ኮላ አንዴ ከያዘ በእንፋሎትም አይለቅም። ለማንም አልተናገርኩም። እንጨት እንጨትን ካልነካ እያልኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት አዲስ ሠራተኛ ሳስተምር የኖርኩ ሴት፣ ወረቀት አስገባሁ። ለስልሼ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ጡረታ በሚወጣበት ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ጊታሩ ገባ። ሮሊና እኔ በበሩ መስታወት ጥግ ቆመናል። ሃርላን ቫርኒሹን አየ፤ ጠርዙን በጥፍሩ ዞረ፤ ሰለሪዋን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የአርዲስ ካልሲ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ሮሊ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ድምፆቹን ጀመረ፤ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። ከዚያ ሦስተኛው ክር አስራ አራተኛው መስመር ላይ ቆመ። መታ። ጠበቀ። እንደገና መታ። መሀረቡን አውጥቶ ነከሰ፤ እንደገና ነከሰ፤ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ የክሩን ድምፅ የሚቀበሉትን የፊቱንም የኋላውንም ማግኔት ሞከረ። መጨረሻ ላይ ጆሮውን ልክ አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ቦታ ለጠፈና በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ሰው የሚከፍትለት ይመስል።

እኔ ሮጬ ጠረጴዛዬ ጋ ደረስኩ። ብዙም ሳይቆይ መጣ፤ ከረሜላዋን አስቀመጠ።

"ምንድነው ይሄ?" አልኩት።

"ከረሜላ።"

"አየሁት። ለምን?"

"የጥርስ ሐኪሙ ጊታር። አንገቱ ሥር የሆነ ነገር አለ።"

"ምን ነገር?"

"ባውቅማ እነግርሽ ነበር። አስራ አራተኛዋ ላይ ድምፁ ይነሳና፣ በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ እንደሚል ሰው ይሆናል።"

"ሃርላን፣ ያንን አንገት የገጠምኩት እኔ ነኝ።"

"ለዚህ እኮ ነው ከረሜላው አንቺ ጋ የመጣው።"

ደሜ ፈላ። የወረቀቱን ነገር የዚያን ጊዜ አስታወስኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ያልኩት "ይሄ ሽማግሌ ጆሮው አለቀ" ነው። እሱ ዞሮ ሲሄድ ነው ወረቀቷ ትዝ ያለችኝ። ቢሆንም አንዲት ወረቀት ናት፤ ማን ይሰማታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከረሜላዋንም በላኋት፤ ማስረጃ እንዳይቀር።

ሮሊ ሃርላን ጋ ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ፋብሪካው በሙሉ ሰምቷል።

"ደንበኛው እየጠበቀ ነው እኮ" አለ ሮሊ።

"እስከዚያ ጥርስ ይንቀል።"

"ሃርላን፣ ስድስት ሺህ ዶላር የከፈለ ሰው ነው። ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅለው። መቼም አስራ አራተኛዋን አይነካት።"

"ጊታሩ ያንን አያውቅም" አለ ሃርላን።

ማክሰኞ ሮሊ ዳርኔል ፕሩትን አስመጣ። ዳርኔል በየኤግዚቢሽኑ ጊታሮቻችንን ይዞ እየተጫወተ የሚሸጥ የዲትሮይት ልጅ ነው። ልጅ ስል ሃምሳ አልፎታል፤ ግን ጫማው የጎረምሳ ነው። በምሳ ሰዓት፣ የአሳማ ሥጋ ያለው ዳቦ በኮምጣጤ ከራሰ ጎመን ጋር ይዘን በተቀመጥንበት፣ ጊታሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጀመረ። እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእጃችን ወጥቶ አያውቅም። ዝቅተኛው ደረት ይነካል፤ ከፍተኛው አይቧጭርም፤ የያዘው ድምፅ ዳርኔል ተነስቶ ቡና ቀድቶ እስኪመለስ ድረስ አልሞተም። ማንም ማኘክ አልቻለም። እኔማ የወረቀቷን ነገር ረስቼ በራሴ ሥራ እንባዬ መጣ።

"የዓመቱ ምርጥ ነው" አለ ዳርኔል። "ወይስ የሦስት ዓመት ምርጥ ልበለው?"

ሃርላን ዳቦውን በእጁ እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሰማው። "ቆንጆ ነው የተጫወትከው" አለ። "አስራ አራተኛዋን ግን ዘለልካት።"

"ሦስተኛው ክር ላይ? አልዘለልኳትም አባቴ። ዘጠኝ ጊዜ ሳልነካት አልቀርም። በእሷ ላይ ነው ዜማው የቆመው።"

ሃርላን ዳቦውን በወረቀቱ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ዳርኔል ክፉ ሰው አይደለም፤ ምን እንዳለ አላወቀም። አርባ አንድ ሰው ግን ሳቀ፤ የሚወዱትን ሰው እንደሚያበሽቁት ነው የሳቁት። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ዛሬም ያቺን ፈገግታ አልወዳትም።

ረቡዕ መኪናው ውስጥ ጠራኝ። ሞተሩን አስነስቶ ማሞቂያውን ከፍቷል።

"አንቺ ይሰማሻል ዊልማ?" አለኝ። "እውነቱን ንገሪኝ።"

"አይሰማኝም" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

"እሺ።" ለትንሽ ጊዜ የመስታወት መጥረጊያውን አየ። "አርባ አንድ ሰው አይሳሳትም። እኔ የሌለ ነገር መስማት ከጀመርኩ፣ ያለውንም አልሰማሁ ይሆናል። ነገ አሳልፈዋለሁ። አርብ ደግሞ ኬኬን በልቼ እሄዳለሁ።"

"ተው እንጂ፣ እንዲህ አትበል።"

"አርዲስን 'አራት ሺህ ሰው ጋ ደብዳቤ ልጻፍ እንዴ?' አልኳት። ቴምብር ስንት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አለችኝ።"

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። የወረቀቷ ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግረው ግን ስጦታውን አበላሻለሁ፤ ጊታሩም ይቆረጣል፤ የአርባ አንድ ሰው ድካም በእኔ ሞኝነት ይሄዳል። ቅዳሜ ደግሞ የአጋዘን አደን ይከፈታል። በዚህ አገር ያን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ከድመቷ በቀር ማንም አይገኝም፤ ሌላ ጊታር ልሥራ ብዬ ሰው ብለምን የሚሰማኝ የለም። ዝም ብል ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል፤ ከአንድ ሰው በቀር። ስለዚህ ከመኪናው ወረድኩ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሁላችንም መጋዙ ዙሪያ ቆምን። ሃርላን ጊታሩን በአንድ እጁ፣ ማህተሙን በሌላው ይዞ መጣ።

"ይሄን አሳልፌዋለሁ" አለ። "ሰኞ ላይ ተሳስቻለሁ። ዊልማ፣ ከረሜላዬን መልሺ።"

ሰው ሳቀ። ሮሊ ከልቡ ተንፍሶ ግንባሩን ጠረገ። ሃርላን ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ የኋላውን ክዳን ፈታ፤ ማህተሙን ቀለም አስነካ። እጁ ግን አልወርድ አለው። ማህተሙን ይዞ ያንን ባዶ ቦታ ሲያየው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያላደረገውን ሊያደርግ መሆኑ ፊቱ ላይ ተጻፈ፤ ጆሮው አይሆንም እያለው ሊያሳልፍ። ሽማግሌ መሆኑን የዚያን ቀን ነው ያየሁት።

"ቁረጠው ሃርላን" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ዊልማ፣ ምን ሆነሻል?" አለ ሮሊ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጊታሩ የማን እንደሆነ ረሳሽው እንዴ?"

"የጥርስ ሐኪሙ ነው" አለ ሃርላን።

"ጆሮህ ደህና ነው፤ ቁረጠው" አልኩት። ወረቀት አለበት ብዬ ልነግረው እችል ነበር። አዝናልኝ ነው የፈጠረችው ብሎ እንደሚያስብ ግን አውቃለሁ። ሃርላን የሚያምነው መጋዙን ብቻ ነው።

ለረዥም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ማህተሙን ኪሱ ከተተ። ክሮቹን አላላ፤ መቃኛዎቹን፣ ማግኔቶቹን፣ ብረታ ብረቱን ሁሉ አንድ በአንድ ፈታ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ዛጎል ቆራጯ ሰለሪዋን ላለማየት ፊቷን አዞረች። ሃርላን እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ጊታሩን አንኳክቶ አሰመረ። እኔ ወረቀቷን የት እንዳስቀመጥኳት አውቃለሁ። መስመሩ መሀሏ ላይ ነበር።

መጋዙ ጮኸ። ማሆጋኒው ለሁለት ሲከፈል ያ የሚጣፍጥ ሽታ ወጣ። ሃርላን ማሽኑን አጠፋና ሁለቱን ግማሾች መብራቱ ስር አዞራቸው። ቀዩ እንጨት መሀል ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ውፍረቱ ከጥፍር አይበልጥም። በኪስ ቢላዋው አወጣው። ወረቀቷ ተቆርጣ ብዙ ቦታ ስለሆነች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ልጆች ጨዋታ ገጣጠማት። "ሮሊ ስቴን" እዚህ፣ "ስማ" እዚያ። የዛጎል ቆራጯን ስም ግማሽ የመጋዙ ጥርስ በልቶታል። ከላይ የተጻፈው ግን ይነበባል፤ "ለሃርላን፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከረሜላ"።

ሮሊ ወደ ሃርላን ተጠጋ። "የአንተ ነበር" አለው። "ለነገ።"

ሃርላን አልሰማውም፤ ወይም የሰማው ሌላ ነገር ነው። አለቀሰ ብል ይክዳል፤ መነፅሩን ሦስት ጊዜ እንደጠረገ ግን አርባ ምስክር አለኝ። የወረቀቱን ቁራጮች በመዳፉ ከልሎ ቆሞ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "እንግዲያው ያሳለፍኳቸው ደህና ናቸው" አለ።

"ደህና ናቸው" አልኩት።

ከዚያ ቀና ብሎ የውድቅ ቅጽ ጠየቀ። ምክንያት በሚለው ላይ "በአንገት መጋጠሚያ ውስጥ ወረቀት"፣ ሠራተኛ በሚለው ላይ "ዊልማ ሁክስትራ" ብሎ ሞልቶ እንድፈርም አደረገኝ። ፈረምኩ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊበላኝ ነበር፤ ሃርላን ሁለቱን ግማሾች በብብቱ ይዞ እያፏጨ ሲሄድ ሲያዩት ግን ተዉኝ። ማፏጨት እንደሚችል ማናችንም አናውቅም ነበር፤ እሱም ቢሆን አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

አርብ ኬኩ ተቆረጠ፤ ሮሊ ስለ ታማኝነት ተናገረ፤ ግማሹ ሰው ከወዲሁ የአደን ካፖርቱን ለብሷል። ሃርላን ንግግር አድርግ ቢሉት ኬኩ ጥሩ ነው ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱን ግማሾች ከነወረቀቱና ከነውድቅ ቅጹ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሊሰቅላቸው ነው፤ አርዲስ ሳሎን አይገቡም ብላለች። ሰው ሲበታተን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ከኪሱ አንዲት ነጭ ከረሜላ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

"አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?" አልኩት።

"የሰኞዋ ናት። መልሺ ማለቴ ስህተት ነበር።" ወንበሩን ጠጋ አደረገ። "ወረቀቷን ትናንት ቤት ሳጣብቃት እጥፋቷን ቆጠርኩት። አራት ጊዜ ነው ያጠፍሽው።"

"አራት ጊዜ።"

ሃርላን ኬኩን በሹካ ገፋ አደረገ።

"ሰኞ ዕለት ስሰማው ሦስት እጥፍ ነበር የመሰለኝ" አለ። "ሐኪሙ አልዋሸም፤ ጆሮዬ ደክሟል።"